«የታለ?» በድሬና በሐረር ሰማይ ስር የጋላክሲና የኔቡላን ስፋትና ድምቀት ስለ መገመት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴሌስኮፔን ወደ ግቢ ሳወጣ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ጨረቃን ያዩና «ኧረ አቦ!» ይላሉ። የሳተርንን ቀለበት ሲያዩ ልጆቹ ይጮኻሉ። ከዚያ ቴሌስኮፑን ወደ አንድ ጋላክሲ አዞረዋለሁ። ተራ በተራ ያያሉ። ዝም ይላሉ። መጨረሻ ላይ አንዱ «የታለ?» ይለኛል።

ከዚያች «የታለ?» ብዙ ጥያቄ ይወለዳል። እዚህ የሰበሰብኳቸው ቴሌስኮፕ ያላቸው ወይም ሊገዙ የሚያስቡ የድሬና የሐረር ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው። ሁሉም ስለ ሩቅ ሰማይ አካላት ናቸው፤ ማለትም ስለ ጋላክሲዎች፣ ስለ ከዋክብት ክምችቶች፣ እንዲሁም ኔቡላ ስለሚባሉት የጋዝና የአቧራ ደመናዎች።

ካታሎጉ (የሰማይ አካላት መዝገቡ) «ብሩህ ነው» ይላል፤ እኔ ግን ምንም አላየሁም። ቴሌስኮፔ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ይህ በእኔም ደርሷል። በጀመርኩበት ዓመት ኤም 33 የሚባለውን ጋላክሲ ከድሬ ከተማ ውስጥ ሆኜ ሦስት ምሽት ፈልጌዋለሁ። በካታሎጉ ያለው የድምቀት ቁጥሩ፣ ማግኒቲዩድ የሚባለው፣ 5.7 ነው። ኤም 57 የሚባለው የቀለበት ኔቡላ ደግሞ 8.8 ነው። በማግኒቲዩድ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይበልጣል። ስለዚህ በቁጥሩ ብንሄድ ኤም 33 ከኤም 57 በ17 እጥፍ ገደማ መድመቅ ነበረበት። እኔ ግን ቀለበቱን በመጀመሪያው ምሽት አገኘሁት። ጋላክሲውን ሦስት ምሽት ሙሉ አጣሁት።

ምክንያቱ ይህ ነው። የካታሎጉ ቁጥር የአካሉን ብርሃን በሙሉ አንድ ላይ ይደምራል። ያ ሁሉ ብርሃን ተጨምቆ አንዲት የኮከብ ነጥብ ቢሆን ምን ያህል ይደምቅ እንደነበር ነው የሚነግረን። ብርሃኑ በስንት ቦታ ላይ እንደተበተነ ግን አይነግረንም። አንድ ማንኪያ ማር በአንዲት ቁራሽ ፈጢራ ላይ አፍስሱ፤ ጣፋጭ ነው። ያንኑ ማንኪያ ማር በሰፊ እንጀራ ላይ ቀቡት፤ ማር መኖሩ ራሱ አይታወቅም። ማሩ አንድ ዓይነት፣ መጠኑም አንድ ነው። ልዩነቱ የተቀባበት ስፋት ነው።

ኤም 33 በሰማይ ላይ 70 በ42 የቅስት ደቂቃ ይሸፍናል። የቅስት ደቂቃ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው። ሙሉ ጨረቃ ወደ 30 ስለሆነች፣ ጋላክሲው በርዝመቱ ከሁለት ጨረቃ ይበልጣል ማለት ነው። ኤም 57 ግን 1.4 በ1 ብቻ ነው። እኩል ስፋት ያለው ቁራጭ ከሁለቱም ብንቆርጥ፣ የቀለበቱ ቁራጭ ከጋላክሲው ቁራጭ 100 እጥፍ ያህል ይደምቃል። ይህን «የገጽ ድምቀት» እንበለው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህችን ያዙ።

ሂሳብ ለምትወዱ፣ አሠራሩ ቀላል ነው። ርዝመቱንና ወርዱን በቅስት ደቂቃ አባዙ። ውጤቱን በ0.785 አባዙ። የዚያን ሎጋሪዝም በ2.5 አባዝታችሁ ማግኒቲዩዱ ላይ ደምሩ። ለኤም 33 14.1 ይመጣል። ለኤም 57 ወደ 9። በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። የጋላክሲው ብርሃን የሚደርሰን በሰማዩ ብርሃን ላይ ተደርቦ ነው። ሰማይ ደግሞ ፈጽሞ ጨለማ ሆኖ አያውቅም። በጣም ጨለማ በሆነ ገጠር ኤም 33 በአማካይ በሰማዩ ድምቀት ላይ ከመቶ 40 ያህል ይጨምራል። ዓይን ይህን ይለያል። መብራት በበዛበት ከተማ ግን የሚጨምረው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያንን ዓይን አይለይም። ብርሃን የሚሰበስበው የቴሌስኮፑ መስታወት ምንም ያህል ትልቅ ይሁን፣ የከተማውንም ብርሃን አብሮ ይሰበስባል።

በአራተኛው ሙከራ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከደንገጎ አቀበት በላይ ወጣን። ቴሌስኮፑን እንኳ አላወረድኩም ነበር። በ10 በ50 ባይኖኩላር አየሁት። ትልቅ፣ ጠርዝ የሌለው፣ መስታወት ላይ ያረፈ ትንፋሽ የመሰለ ነገር። እዚያው ቆሜ ብዙ ቆየሁ።

ማግኒቲዩድ ቁጥሩ ሲጨምር ለምን ይደበዝዛል?

ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። የጥንት ግሪኮች ደማቆቹን ከዋክብት «አንደኛ ደረጃ»፣ በዓይን ለመታየት የሚያስቸግሩትን «ስድስተኛ ደረጃ» አሏቸው። በ1856 ኖርማን ፖግሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሥርዓት አበጀለት። የ5 ማግኒቲዩድ ልዩነት በትክክል 100 እጥፍ እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ አንድ ማግኒቲዩድ 2.5 እጥፍ ገደማ ነው። የክፍል ደረጃን አስቡ፤ አንደኛ የወጣ ከስድስተኛ ይበልጣል።

ማጉላቱን ስጨምር ይደበዝዛል። ታዲያ ለምን እጨምራለሁ?

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ትልቅ ቴሌስኮፕ ኔቡላን «ያበራል» ብለን እናስባለን። በኮከብ ላይ እውነት ነው፤ ኮከብ ነጥብ ስለሆነ የተሰበሰበው ብርሃን ሁሉ በነጥቡ ላይ ያርፋል። የ200 ሚሊ ሜትር መስታወት 7 ሚሊ ሜትር ከተከፈተ የዓይን ብሌን 800 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ሰፊ በሆነ ነገር ላይ ግን ብርሃኑ ሲጨምር ምስሉም አብሮ ይሰፋል። ስለዚህ የገጽ ድምቀት በባዶ ዓይን ከሚታየው አይበልጥም። በየትኛውም ቴሌስኮፕ አይበልጥም።

ከአይፒሱ፣ ዓይናችንን ከምናስጠጋበት ሌንስ፣ የሚወጣውን የብርሃን ክብ ስፋት ማወቅ ይጠቅማል። የመስታወቱን ስፋት ለማጉላቱ አካፍሉ። እኔ የምጠቀምበት 200 ሚሊ ሜትር መስታወትና 1200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት አለው። በ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ 48 እጥፍ ያጎላል። 200 ለ48 ሲካፈል 4.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ10 ሚሊ ሜትር አይፒስ 120 እጥፍ ያጎላል፤ ክቡም ወደ 1.7 ይጠባል። ክቡ በጠበበ ቁጥር ሰማዩም አካሉም እኩል ይጨልማሉ።

ልብ በሉ፤ እኩል ነው የሚጨልሙት። የሁለቱ ንጽጽር አልተለወጠም። ዓይናችን ደግሞ ፈዛዛ ነገርን ትልቅ ሲሆን ነው የሚለየው። ስለዚህ ትናንሽ ጋላክሲዎች በ48 እጥፍ ጠፍተው በ120 እጥፍ ብቅ ይላሉ። ቀለበቱም በ120 እጥፍ ነው መሃሉ ቀዳዳ መሆኑ የሚለየው። እንደ ኤም 33 ያለ ሰፊ ነገር ግን ከእይታው ክብ ያልፋል። ዙሪያውን ጨለማ ሰማይ ካላያችሁ ከምን ጋር ታነጻጽሩታላችሁ? ለሰፊው ዝቅ ያለ ማጉላት፣ ለትንሹ ከፍ ያለ። ሁለቱንም ሞክሩና የተሻለውን ያዙ።

ስፋቱን በምን ልለካ?

በሰዓት። ምድር ስለምትዞር ከዋክብት በእይታችሁ ክብ ውስጥ ይንሸራተታሉ። በሰማይ ወገብ ላይ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ትይዩ በሰማይ ላይ በሚታሰበው መስመር ላይ፣ ያለ ኮከብ በ1 ደቂቃ ውስጥ 15 የቅስት ደቂቃ ይሄዳል። ከኦሪዮን መቀነት ሦስቱ ከዋክብት የሰሜን ምዕራቡ፣ ሚንታካ፣ በሰማይ ወገብ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እሱን ከክቡ ጠርዝ አስገቡት። ቴሌስኮፑን አትንኩ። በመሃል አልፎ በሌላው ጠርዝ እስኪወጣ በስልክ ሰዓት ያዙ። የእኔ 25 ሚሊ ሜትር አይፒስ 4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ፈጀ። በ15 ሲባዛ 62 የቅስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ይህ አይፒስ መለኪያዬ ሆነ። አንድ ክምችት የክቡን ሩብ ከያዘ 15 ገደማ ነው እላለሁ።

የራሱን የአካሉንም ጉዞ መያዝ ይቻላል። ፊተኛው ጠርዙ ከክቡ መውጣት ሲጀምር ሰዓት ጀምሩ፤ ኋለኛው ሲወጣ አቁሙ። ከሰማይ ወገብ ሲርቅ ጉዞው ስለሚዘገይ ግን ማስተካከያ ያስፈልጋል። ውጤቱን በአካሉ ዴክሊኔሽን (ከሰማይ ወገብ በዲግሪ ባለው ርቀት) ኮሳይን አባዙ። የሄርኩለስ ክምችት፣ ኤም 13፣ 36.5 ዲግሪ ላይ ስላለ በደቂቃ 12 የቅስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሄደው።

በእኛ አገር አንድ ችግር አለ። ድሬ 9.6፣ ሐረር 9.3 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆኑ ብዙው ነገር ከራሳችን በላይ ያልፋል። ዶብሶኒያን የሚባለው፣ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞረው ቴሌስኮፕ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ለማዞር አስቸጋሪ ነው። ወይ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ለኩ፣ ወይ አንድ ሰዓት ቆዩ።

የለካሁት ከካታሎጉ በግማሽ አነሰ። ተሳስቼ ነው?

አይደለም፤ ጥሩ ተመልካች ነህ። የካታሎጉ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከፎቶ ነው የተወሰደው። ካሜራ ብርሃንን ለረጅም ጊዜ ያጠራቅማል፤ ዓይናችን እንደዚያ አያጠራቅምም። የጋላክሲ ጠርዝ እንደ ግድግዳ ድንገት አይቆምም። ቀስ እያለ እየሳሳ ይሄዳል። የት ላይ «አበቃ» እንደምትል የሚወስነው ሰማይህ፣ መስታወትህና ዓይንህ ነው።

አንድሮሜዳ ጋላክሲ፣ ኤም 31፣ በካታሎግ 3 ዲግሪ ይረዝማል። ስድስት ጨረቃ ጎን ለጎን እንደማለት ነው። ከከተማ ውስጥ የሚታየው ግን የመሃሉ እብጠት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ያችን እብጠት አይቶ «ትንሽ ነው» ይላል። በዚያ ላይ የ1 ዲግሪ እይታ ያለው አይፒስ ሙሉውን ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ስትጽፉ የካታሎጉን ቁጥር አትገልብጡ። ያያችሁትን ጻፉ። እኔ ኤም 13ን፣ ካታሎግ 20 የሚለውን፣ በድሮው 114 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፔ 11 ብዬ ጽፌአለሁ። ያ 11 የእኔ ነው፤ በዚያች ምሽት እውነት ነበር።

ድምቀቱንስ በቁጥር መገመት ይቻላል?

ይቻላል፤ ልምምድ ይፈልጋል። ችግሩ ኮከብ ነጥብ መሆኑ፣ ኔቡላ ደግሞ ሰፊ መሆኑ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማወዳደር አይሆንም። የጅራታም ኮከብ ተመልካቾች ግን ጥሩ ዘዴ አላቸው። መጀመሪያ አካሉን በጠራ ትኩረት ተመልከቱና መልኩን በልባችሁ ያዙ። ከዚያ ማግኒቲዩዱ የሚታወቅ ኮከብ ፈልጉ። ትኩረቱን ቀስ እያላችሁ አጥፉ፤ ኮከቡ አብጦ የአካሉን ያህል እስኪሰፋ። አሁን የቱ ይደምቃል? አንድ ደመቅ የሚል፣ አንድ ደብዘዝ የሚል ኮከብ ስታገኙ አካሉ በመካከላቸው ነው። ስቴላሪየም የሚባለው የሰማይ ካርታ መተግበሪያ በስልካችሁ ካለ የእያንዳንዱን ኮከብ ማግኒቲዩድ ይነግራችኋል።

በጣም ሰፊ ለሆነ ነገር ይህ አይሠራም፤ ኮከቡ ያን ያህል ከመስፋቱ በፊት ይጠፋል። በትናንሽ ክብ ክምችቶች ጀምሩ።

አንድ ጥንቃቄ። የምታወዳድሩት ኮከብና አካሉ በከፍታ ተቀራራቢ ይሁኑ። ወደ አድማስ በወረደ ቁጥር ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ይወፍራል። በ30 ዲግሪ ከፍታ ከራስ በላይ ካለው ሁለት እጥፍ ነው። በ10 ዲግሪ አምስት እጥፍ ተኩል ይሆናል።

ቁጥሩ ከበደኝ። በቃላት ብቻ ብጽፍስ?

ጻፉ! ታላቁ ተመልካች ዊልያም ኸርሽልም ኔቡላዎቹን በቃል ነበር የመደባቸው፤ አንደኛ ክፍል ብሩህ፣ ሁለተኛ ክፍል ደብዛዛ፣ ሦስተኛ ክፍል በጣም ደብዛዛ። እኔ በአማርኛ አምስት ደረጃ አበጅቼ በደብተሬ እጠቀማለሁ። የመጀመሪያው «ቁልጭ ያለ» ነው፤ ማንም ሳይነገረው ያየዋል። ቀጥሎ «ግልጽ»፤ የት እንዳለ ከተነገረው ያየዋል። ከዚያ «ፈዘዝ ያለ»፤ ትንሽ መቆየት ይፈልጋል። «ጭል ጭል የሚል» ደግሞ በዓይን ጥግ ብቻ እየመጣ የሚሄድ ነው። የመጨረሻው «መሰለኝ» ነው። «መሰለኝ»ን አትፈሩት። ሌላ ቀን መጥታችሁ ታረጋግጡታላችሁ ወይም ትሰርዙታላችሁ። የማያምር «መሰለኝ» ከሚያምር ውሸት ይሻላል።

ከቃሉ ጋር ሁልጊዜ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመስታወቱን ስፋትና ማጉላቱን አስከትሉ። ያለዚያ ቃሉ ከዓመት በኋላ ለራሳችሁም ትርጉም አይሰጥም።

«በዓይን ጥግ ማየት» የምትለው ምንድን ነው?

የዓይናችን መሃል ለቀንና ለቀለም ነው። ደብዛዛ ብርሃን የሚይዙት ሕዋሳት ከመሃሉ ወጣ ብለው ነው የተሰበሰቡት። ስለዚህ ፈዛዛ ጋላክሲን ቀጥ ብላችሁ ካያችሁት ይጠፋል። ትንሽ ወደ ጎኑ ስታዩ ይመጣል። በቀኝ ዓይን የምታዩ ከሆነ ከአካሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ በግራ ዓይን ከሆነ ወደ ግራ። በተቃራኒው ካደረጋችሁ አካሉ የዓይን ዕውር ነጥብ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የቴሌስኮፑን ቱቦ በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ መታ ማድረግም ይረዳል። ዓይን የሚንቀሳቀስን ደብዛዛ ነገር ቶሎ ይለያል።

ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዲት ባጃጅ መብራቷን አብርታ ብታልፍ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱት። የግድ ብርሃን ካስፈለገ ባትሪውን በተደራረበ ቀይ ፌስታል ሸፍኑት። ብዙ ሰው «አላየሁም» የሚለው ከቤት ወጥቶ በሁለተኛው ደቂቃ ስለሚመለከት ነው።

ከድሬ ይሻላል ወይስ ከሐረር?

ለዚህ ጥያቄ ፀብ ይነሳል፤ እኔ የማየውን ልናገር። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ናት። ደቡቡን ተራራ ይዞታል፤ ሰሜኑ የተዘረጋ ቆላ ነው። ከአድማስ 10 ዲግሪ እንኳ የማትሞላውን የሰሜን ኮከብ ለማየት ድሬ ጥሩ ናት። አቧራ ሲነሳ ግን ሰማዩ ይነጣል፤ የገጽ ድምቀቱ ዝቅ ያለ ነገር መጀመሪያ ይጠፋል። ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ ስለሆነች ከላይዋ ያለው አየር ይሳሳል። ደቡቡም ዝቅ ብሎ ለሚያልፍ ነገር ይሻላል። ትልቁ የማጄላን ደመና የሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ በጥር ምሽት ከ10 ዲግሪ ብዙም ከፍ አይልም። ከድሬ መሃል ተራራው ይጋርደዋል።

ሁለቱም ጋ ዋናው ጉዳይ ከመሃል ከተማ መውጣት ነው። መውጣት ካልቻላችሁ መብራት የጠፋ ምሽት አያምልጣችሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር ቶሎ ቴሌስኮፑን አውጡ።

ሐረር ላይ ከጀጎል ውጭ ስለ ጅብም ይጠይቁኛል። ብቻችሁን አትውጡ። የምታውቁት ሰው አጥር ያለው ግቢ ከሁሉ ይሻላል። ዓይናችሁ አይፒስ ላይ ሲሆን ዙሪያችሁን አታዩም። ለአካባቢው ሰው ቀድማችሁ ንገሩ፤ በጨለማ ረጅም ቱቦ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ያስደነግጣል። ከነገራችኋቸው በኋላ ደግሞ እነሱም ለማየት ይመጣሉ።

ቀለሙ የት ሄደ?

ደብዛዛ ብርሃን የሚይዙት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። ሁሉም ግራጫ ነው። የኦሪዮን ኔቡላ መሃሉ ስለሚደምቅ በ200 ሚሊ ሜትር አረንጓዴ ነገር አይበታለሁ። ቀዩን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ፊልተር ልግዛ?

ለሚያበሩ የጋዝ ኔቡላዎች ይረዳል፤ የሰማዩን ብርሃን ቀንሶ የጋዙን ያሳልፋል። ለጋላክሲና ለከዋክብት ክምችት አይረዳም። ገንዘቡን መጀመሪያ ወደ ጨለማ ለሚወስዳችሁ ትራንስፖርት አውሉት።

በየትኛው ወር በየትኛው ልጀምር?

በጥቅምት ምሽት 1 ሰዓት ላይ በቀለበቱ፣ በኤም 57 ጀምሩ። በኅዳር አጋማሽ ምሽት 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ኤም 31 በሰሜን፣ ኤንጂሲ 253 የሚባለው ጋላክሲ በደቡብ፣ ሁለቱም ከ50 ዲግሪ በላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። አንዱን አይቶ ዞር ብሎ ሌላውን ማየት ስለ ገጽ ድምቀት ብዙ ያስተምራል። በጥር ምሽት 4 ሰዓት የኦሪዮን ኔቡላ ነው። ክረምቱን ደመናው ይወስደዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን የግንቦቱ ነው። በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት ምሽት 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዙሩ። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የከዋክብት ክምችት 33 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። በባዶ ዓይን ጭጋግ የለበሰ ኮከብ ይመስላል። የ«ኤም» ቁጥሮቹን ካታሎግ ያዘጋጀው ቻርልስ መሲዬ ከፓሪስ ሆኖ ሊያየው አይችልም ነበር፤ እዚያ ከአድማስ በላይ አይወጣም። እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሌይ በ1677 ተራ ኮከብ አለመሆኑን የመዘገበው ወደ ሴንት ሄለና ደሴት ወርዶ ነው። እኛ በራችን ላይ ነው ያለን። ማግኒቲዩዱ 3.9፣ የካታሎግ ስፋቱ 36 የቅስት ደቂቃ ነው። ባለፈው ከሐረር ውጭ በ48 እጥፍ በሰዓት ለካሁት። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሁለት ደቂቃ ተኩል ፈጀ። እሱ ካለበት ቦታ በደቂቃ 10 የቅስት ደቂቃ ስለሚሄድ 25 ብዬ ጻፍኩ። እናንተ ስንት እንደምታገኙ ማወቅ እፈልጋለሁ።